ለወሊድሽ ያልመጣሁበት ምክንያት

አሰብ፣ ኅዳር 1973 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ዓለምዘውድ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ዝቅ ብሎ ይደርስሻል። አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ባልሽ በዛብህ መኪናውን ኮምቦልቻ ከደጅሽ ሲያቆም ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ እንደሚሆን ነው። ያን ስታዪ ልብሽ ወደ ክፉ እንዳይሄድብኝ ብዬ ብዕር አነሳሁ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። ባሌ ጉግሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግድግዳችን ላይ ከለጠፈው ጋዜጣ አንድ አንድ ፊደል እየጠየቅሁት ለራሴ የለቃቀምኩት ነው። ማንበቡ ቀንቶኛል፤ መጻፉ ግን እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። አንቺ ስምንተኛ ክፍል የጨረስሽ ነሽና የተጣመመውን አቃንተሽ አንብቢልኝ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ከበዛብህ የምደብቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ መሃል እየገባ ስለሚያስቅሽ ነው።

«ለወሊዴ እማማ ይምጡልኝ» ብለሽ የላክሽውን ቃል ሲነግረኝ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። እንዴት አድርጋ ነው ያለችው እያልኩ ደጋግሜ አስወራሁት። «እማዬ፣ ቃሏን ነው እንጂ ፊቷን ጭኜ አልመጣሁም» አለኝ። እሱ ምን ያውቃል። ከዚህ ቤት የልጅ ልጄን ጫኔን አዝለሽ ከወጣሽ ወዲህ በመጣ በሄደ ቁጥር ሰላምታ ትልኪልኝ ነበር። ሰላምታና «ይምጡልኝ» ግን አንድ አይደሉም። ያንቺ እናት እዚያው አጠገብሽ እያሉ እኔን መጥራትሽ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል።

ስለዚህ ተሰናዳሁ። ተምሩንና ሳሙናውን ገዛሁ። የጉግሳን አሮጌ ጋቢ ቀድጄ፣ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ለሕፃኑ መጠቅለያ አደረግሁት፤ አዲስ ጨርቅ ለጨቅላ ገላ ይሻክራል። ለጫኔ ደግሞ መርከበኞች የሚሸጡትን ሸራ ጫማ አገኘሁለት፣ እግሩን ሳላውቅ በግምት። መንገድ ላይ ያየውን መኪና ሁሉ «አባዬ» ይላል አሉኝ። ይህን ስሰማ ሳቅሁ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባሁ።

እንግዲህ ለመነሳት ስንል በሽታው ገባ። በመርከብ መጣ የሚሉ አሉ፣ በመኪና መጣ የሚሉ አሉ፤ የወደብ ሰው በሾፌሮች ያመካኛል፣ ሾፌሮቹ በመርከበኛው። ስሙን ጉንፋን ነው ይሉታል፤ ግን ጉንፋን ጎረምሳ አይጥልም። እዚህ ሰፈራችን ካምፖ ሱዳን ውስጥ ሳል የማይሰማበት ግቢ የለም። ከክሊኒኩ በር ጀምሮ ሰው ተሰልፏል። በተለይ ነፍሰ ጡሮች ላይ ይበረታል፣ ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል ብላ የክሊኒኩ አዋላጅ ለሴቶቹ ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ጀርባዬን ደግሞ የደበደቡኝ ያህል ቆረጠመኝ። ለማንም ሳልናገር ሻይ ጠጣሁና ሻንጣዬን ዘጋሁ። ይህን አልደብቅሽም፤ ሄዳለሁ ብዬ ነበር። ምራቄን እየዋጥኩ፣ ሳሌን እያፈንኩ፣ መንገድ ላይ ይለቀኛል ብዬ። በዛብህም ያለው ይህንኑ ነው፤ ዶቢ በረሃ ላይ ስንደርስ ሙቀቱ ያተነዋል አለኝ። መኪናው ደጃፍ ቆሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ እግሬን መወጣጫው ላይ ካሳረፍኩ በኋላ ነው ያሳለኝ። አንዴ ጀምሮ አልቆም አለ። እግሬን መለስኩ።

በዛብህ ተናደደ። «ስትጠብቅሽ ነው የከረመችው፤ ምን ልበላት?» አለኝ። እኔም የፈራሁት እሱን ነው። ብመጣ ወርሽ ደርሶ ሳለ በሽታ ተሸክሜልሽ መግባቴ ነው። ብቀር ደግሞ፣ አንዴ ጠራኋት፣ ኮርታ ቀረች፣ ያው እንደ ዱሮዋ ናት ትያለሽ። ሁለቱን ስመዝን ዋልኩ። በመጨረሻ፣ ብትቀየሚኝ ልትታረቂኝ ትችያለሽ፣ ታመሽ አንድ ነገር ብትሆኚ ግን የምመልሰው ነገር የለም ብዬ ቁርጤን ያዝኩ፤ ይህን እስክጽፍልሽም በዛብህን አቆየሁት። መታረቁን ግን በባዶ ሜዳ አልጠይቅሽም። ያኔ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ነግሬሽ አላውቅም፤ አሁን ልንገርሽ።

ጫኔ የተወለደበት ያ ግንቦት ካንቺ ልብ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በትኩሳቱ ያመለጠሽ ቢኖር፣ እኔ በእግሬ ቆሜ ስለነበርኩ ሁሉን አይቻለሁ። ጫኔ ገና ክርስትና አልተነሳም። መኪናዬ ተጭና ሳለች ነው የተወለደው ብሎ በዛብህ ስሙን አውጥቶለት፣ ሾፌሮቹ ሁሉ እየመጡ ሲስቁበት ነበር የሰነበቱት። እኔ ደግሞ አገሬ ሐይቅ እንደሚደረገው አራስ ቤት አደረግሁልሽ። ንፋስ እንዳይመታሽ በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በጋቢ ጋረድኩ። ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ በሚተኛበት በአሰብ ግንቦት እንደ ዳቦ ደፈንኩሽ። ንፋሱን ስከለክል ሰውን ግን አልከለከልኩም። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለው ሁሉ እየገባ፣ በጠባቧ ክፍል እያሳለ፣ ጫኔን እየሳመ ወጣ። የመጣን ጠያቂ ከደጅ መመለስ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ያን ጊዜም እንዲህ ያለ ጉንፋን ገብቶ ነበር፤ እኛን ያረጀነውን እየዘለለ ወጣቱን ይለቅም ነበር። አንቺን ያዘሽ።

ሰውነትሽ እንደ ምድጃ ሲግል እጄ ቀድሞኝ ሄደ። ጫኔን ከጡትሽ ነጥቄ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።

«እማማ፣ ይስጡኝ» አልሽኝ ከውስጥ።

«ወተትሽ ይገድለዋል» አልኩሽ።

ይህ ቃል አንቺ ላይ ጥሎት የሄደውን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ወደብ ከሚሠራ ሰው የቆርቆሮ ወተት አስመጣሁ። ቆርቆሮው ላይ ወፍራም ሕፃንና ማንኪያ ተስሏል፤ ከሥሩ የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ነው። ማንበብ ችያለሁ ብዬ ስኩራራ የኖርኩት ሴት ከሥዕሉ ሌላ የያዝኩት ነገር የለም። ከበርሜሉ ውኃ ቀድቼ በግምት በጠበጥኩ። ቢቀጥን ይጠቅመዋል እያልኩ አቀጠንኩ። ጡጦውን አለቅልቄ መልሼ እሞላለሁ። ጫኔ ሁለት ጊዜ ሳይጠባ ሆዱ ሄደ። ከዚያ በኋላማ የገባለት ሁሉ ይወጣ ጀመር። ዓይኖቹ ጎደጎዱ፣ ለቅሶው ቀጠነ። አንቺ ከበሩ ጀርባ ትጣሪያለሽ፤ እኔ አልመልስም። ድምፅሽ ሲጠፋ ተኛች ብዬ እፎይ አልኩ። ሌላ ጊዜ ነው፣ ትራስሽን ሳጥብ፣ እንዳልተኛሽ የገባኝ።

ሲጨንቀኝ ጫኔን ይዤ በአጥሩ ክፍተት ዙሌይኻ ዘንድ ሄድኩ። ጎረቤታችንን ዙሌይኻን አትረሻትም፤ ባሏ ዓብዱልሰላም ወደብ ቢሮ ነው የሚሠራው። ጥላው ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣ ልጇን ሃኒያን ታጠባለች። አንድ ጡትሽን ለዚህ ስጪልኝ አልኳት። ፈጥና እጇን ትዘረጋለች ብዬ ነበር። አልዘረጋችም። ጫኔን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እትዬ፣ እናቱ ሞተች?»

ኧረ አልሞተችም፣ ታማ ነው አልኳት።

«እኔ ካጠባሁት ልጄ ሆነ ማለት ነው። የሃኒያ ወንድም ነው፤ ነገ አድገው እንጋባ ቢሉ ሐራም ነው። እኛ ዘንድ ጡት ቀልድ አይደለም። እናት ለሌለው ልጅ ወላሂ አሁኑኑ አጠባለሁ። የዚህ እናት ግን እዚያ ማዶ ጡቷ ሞልቶ ልብሷን ያረጥባል። በሕይወት ካለች እናት ልጇን ውሰጂባት ነው የምትዪኝ?»

ወተቷ በትኩሳት የተበላሸ ነው፣ ይገድለዋል አልኳት። ዙሌይኻ አልሳቀችብኝም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ባለፈው ሰሞን እኔ ምን ሆኜ ተኝቼ ነበር? ሳሌን በአጥሩ አልሰማሽም? ሃኒያ አንድ ቀን ከጡቴ አልወረደችም። አዋላጇ ናት የነገረችኝ። በሽታው የሚሄደው በትንፋሽ ነው፣ በወተት አይደለም አለችኝ። አፍና አፍንጫዬን በሻሽ አሰርኩ፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ አጠባሁ። ይኸው ልጅቱ። ማሻአላህ በዪና እያት።»

አየኋት። ጉንጯ ከጡቱ ጎን ፈስሶ፣ ላብ አጥምቋት፣ በአንድ ዓይኗ እኔን ሰርቃ እያየች ትምጋለች። ጫኔ ደግሞ ክንዴ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ተኝቷል። ዙሌይኻ ሃኒያን ከጡቷ አላቅቃ ተነሳች። የእናቱ ወተት ደርቆ ከሆነ ወንድምነቱ እንዲታወቅ ምስክር ጠርቼ አጠባዋለሁ፣ መጀመሪያ ግን እሷን ልያት አለችና ቀድማኝ ወጣች።

በራችንን ስትከፍተው ሙቀቱ ፊቷን መታት። «ያ እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ዓሣ ነው የምትጠብሺው?» አለችኝ። ጋቢውን ከመስኮቱ ቦጭቃ ጣለችው። የባሕሩ ንፋስ ገባ። ከዚያ ያለውን ራስሽ ታውቂዋለሽ፤ ጡትሽ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ሊነኩት የማይቻል ሆኖ፣ ዙሌይኻ በሞቀ ጨርቅ እያባበለች ስታልብልሽ። ነጠላሽን አፍና አፍንጫሽ ላይ አሰረችልሽ፣ እጅሽን አስታጠበችሽ፣ ጫኔን ከእጄ ወስዳ ሰጠችሽ። መጀመሪያ ጡቱን ረስቶት ፊቱን አዞረ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። አንቺ ከነጠላው ሥር ምን እንዳልሽው አልሰማሁም። ከዚያ ያዘ። ሲውጥ ድምፁ ተሰማ። እኔ ወጣሁ።

ደጅ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምነግርሽ ይህን ነው።

ከበዛብህ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ወርቅዬ ትባል ነበር። ሐይቅ ሳለን፣ ጉግሳ ገና ወደ አሰብ ሳይወርድ። መዳህ እንኳ አልጀመረችም። እኔን ትኩሳት ያዘኝ፤ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። እያተኮሰኝ አጠባኋት። እሷንም አተኮሳት። አማቴ እትዬ እቴናት፣ የጋለ ጡት አጠባሽ ብለው ወሰዱብኝ። እኔም ከውስጥ፣ ስጡኝ እያልኩ ስጣራ ነበር። ቅቤ ያልሷታል፣ የአብሽ ውኃ ያጠጧታል፤ ስታለቅስ ይሰማኛል፣ ከዚያ አይሰማኝም። ወርቅዬ ሞተች። ለቅሶው ላይ አማቴ ምንም አላሉም፤ ቀድመው ብለውታልና። እኔም አመንኳቸው። ልጄን በገዛ ወተቴ ገደልኩ ብዬ አምኜ፣ ለጉግሳ እንኳ ሳልተነፍስ፣ በዛብህን ስወልድ እየፈራሁ አጥብቼ፣ ፀጉሬ እስኪነጭ ኖርኩ። ያን ዕለት አንቺን ስነካሽ እጄን ያንቀሳቀሰው ይህ ነው። አንቺን ንቄ አልነበረም፤ ልጁንም የኔ ላደርገው አልነበረም። ሁለቱንም ጠርጥረሽ እንደሄድሽ አውቃለሁ፤ ብትጠረጥሪም አይፈረድብሽም።

ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ጫኔ ሲውጥ እየሰማሁ፣ ወተቴ ካልገደላት ምን ገደላት አልኩ። ትንፋሼ ይሆን? ቅቤው ይሆን? ጡቱን ማጣቷ ይሆን? አላውቅም፤ አሁንም አላውቅም። አንድ ነገር ግን አወቅሁ። በኔ ላይ የተደረገውን፣ እኔው ቆሜ፣ በገዛ እጄ፣ ባንቺ ላይ አደረግሁት። የጣራሽው የኔ ጥሪ ነበር፤ እኔም ሰምቼ በሩን ዘጋሁ። ይህን ልነግርሽ ፈልጌ ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ወጡ ጨው አነሰው ወይ ብዬ ዘጋሁት። ድነሽ ስትነሺ፣ እናቴ ዘንድ ሄጄ ልረፍ አልሽ። ጉልበቴን ስመሽ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳትናገሪ ወጣሽ። ብትሰድቢኝ እመልስልሽ ነበር፤ ያን ጊዜ ይወጣልኝ ነበር።

እንግዲህ ይቅርታሽን ለምኛለሁ። አሁን ወደሚያስቸኩለው ልመለስ።

ቀጥሎ የምጽፈውን ከራሴ አላመጣሁትም። ዙሌይኻን ልኬ አዋላጇን ሁለት ጊዜ አስጠይቄያለሁ። በሽታው ኮምቦልቻ ካልገባ፣ መንገዱ ላይ ነው፤ ይገባል። በዛብህም ከዚህ ነውና የሚመጣው፣ ደህና ቢመስልም አትመኚው። ልብሱን ደጅ ያውልቅ፣ ገላውን ይታጠብ፣ አለመታመሙን እስክታዪ ድረስ ለብቻው ይተኛ። ይህን ስነግረው «እማዬ፣ ከሚስቴ ልታፋቺኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ለጥቂት ጊዜ ነው፣ መኪናህ ላይ መተኛት ለምደሃል አልኩት። አጉረመረመ፤ ግን ምሏል። ካላደረገ እኔን ጥቀሺበት።

ስትወልጂ ጠያቂው ይመጣል። እናትሽ በር ላይ ይቁሙልሽ። የመጣው ከደጅ ሆኖ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበል፣ ያመጣውን ያስቀምጥ፣ ይሂድ። ሕፃኑን ማንም አይሳመው። የሚቀየም ሰው ይኖራል፤ ይቀየም። መስኮትሽ ይከፈት። የኮምቦልቻ ብርድ ከኛ ይለያል፤ ልብስ ደርቢ እንጂ አትዘጊ። አሁን ደግሞ፣ ከመውለድሽ በፊት፣ ገበያ መሃል አትግቢ። ካተኮሰሽ የቤት ውስጥ መድኃኒት እየሞከርሽ አትጠባበቂ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ትንፋሽሽ ካጠረማ ለአንድ ሰዓትም አትቆዪ።

ወልደሽ ሳለሽ ቢይዝሽ ደግሞ፣ ዓለሜ፣ አጥቢ። አፍና አፍንጫሽን እሰሪ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ብዙ ጠጪ፣ አጥቢ። ጡት ላይ በማይሆንበት ጊዜ ሕፃኑ ካንቺ ራቅ ብሎ ይተኛ። ሰውነትሽ ደክሞ መያዝ ካቃተሽ በንጹሕ ዕቃ አልበሽ ሌላ ሰው በማንኪያ ይስጠው። ወተትሽ አይገድልም። ይህን በራሴ እጅ ጽፌልሻለሁ፤ ያኔ ያልኩሽን በዚህ ሻሪው። የጋለ ጡት የምትልሽ ሴት አትጠፋም፣ ደግሞም ወድዳሽ ነው የምትልሽ። እንዳትሰሚያት። እኔ ራሴ ብልሽ እንኳ አትስሚኝ።

ስለኔ አታስቢ። ትኩሳቱ ትናንት ቀለል ብሎኛል፣ ሳሉ ነው የቀረ። ዙሌይኻ ሾርባውን አጥሩ ላይ አስቀምጣ፣ ራቅ ብላ ቆማ፣ ጨርሽው እያለች ትቆጣኛለች። በዛብህንም በሁለት ክንድ ርቀት ነው የማዋራው። ዙሌይኻ ሰላም ብላታለች በይልኝ ብላለች፤ ሃኒያ አድጋ ሰው ትሳደባለች።

ሳሉ ሙሉ በሙሉ ሲለቀኝ፣ ከለቀቀኝም በኋላ ትንሽ ሰንብቼ፣ በሚቀጥለው ጭነት እመጣለሁ። ያን ጊዜ ወልደሽ ይሆናል። አማቴ ናት ብለሽ አትፈሪ፤ ደህና አልመስል ካልኩሽ ከደጅ መልሺኝ፣ ተመልሼ እሄዳለሁ። ግቢ ካልሽኝ እገባለሁ፣ ታጥቤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፣ የምታዢኝን እሠራለሁ። ሕፃኑን ግን አንቺ ራስሽ አንስተሽ እስክትሰጪኝ ድረስ እጄን አልዘረጋም።

በሰላም ተገላገዪ፣ ልጄ።

አማትሽ
ጥላነሽ